የማሽኑ ማመልከቻ

አየር ጤና ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት በሄድኩ ቁጥር አገኘዋለሁ። ኮቱና ሱሪው አይተዋወቁም፤ አንገቱ ላይ ግን ካቻምና የተካፈለበት የዎርክሾፕ ባጅ ዛሬም ተንጠልጥሏል። ቆሼ ላይ ፕላስቲክ የሚለቅሙ ሰዎች ያቋቋሙት የኅብረት ሥራ ማህበር ሊቀመንበር ነው። ማህተሙን ማንንም አምኖ አይሰጥም፤ በመሀረብ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞት ይዞራል።

ማመልከቻው ሁሌም አንድ ነው፤ ለፕላስቲክ መጭመቂያ ማሽን መግዣ እርዳታ፣ ካልሆነም ብድር። የሚቀያየሩት አባላቱ ናቸው።

«ልጄ፣ ዘንድሮ ድጋፉ ለወጣት ነው አሉ» አላት ኮምፒውተር ላይ የምትጽፈውን ልጅ። «"ከስደት ተመላሾች" የሚለውን አጥፊና "ወጣቶች" በይልኝ።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እናቶች ነው ብለውኝ አልነበር?»

«ብሩ ይምጣ እንጂ እናቶቹም ወጣት ይሆናሉ።»

ወረቀቱን ሲቀበላት እጁን አየሁት። መዳፉን ቆርቆሮ ተልትሎታል። እሱም ለቅሞ ያውቃል ማለት ነው፤ አሁን የሚለቅመው የእርዳታ ማስታወቂያ ነው።

«ማሽኑ እስኪመጣ አባላቱ ምን ይሥሩ?» አልኩት።

ማህተሙን በኮቱ ላይ ዳበስ አደረገ።

«ማሽኑንማ በዕቁብ ገዝተውታል፤ ሁለት ዓመቱ። እኔ የጀመርኩትን ልጨርስ ብዬ ነው እንጂ።»