ብርድ ልብስ የለበሰው ሲሊንደር

ዛሬ የቤተ ክርስቲያናችን ኩሽና ስገባ እማማ አስቴር ፍም የሞላ የከሰል ምድጃ ይዘው ወደ ጋዙ ሲሊንደር እየሄዱ ነበር።

ከበዴሳ ለመጡ መዘምራን ምሳ እየተሠራ ነበር። ጋዙ ከጠዋት ጀምሮ ያለ እረፍት ሲነድ ውሎ ሲሊንደሩ አመዳይ ለበሰ፤ እሳቱም ደከመ። እማማ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሞከሩት፣ አልሆነም።

"በረዳት እኮ ልጄ፣ እያት እስቲ" አሉኝ። እሳቸው ቤት የበረደው ሁሉ እሳት ዳር ይጠጋል፣ እንግዳም ጥጃም።

ፍሙን ተቀብዬ ውጭ አወጣሁ። ጋዙን ዘግቼ ብርድ ልብሱን ገፈፍኩና በሩንም መስኮቱንም ከፈትኩ።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ጋዝ የሚለወጠው ከአየሩ ሙቀት እየወሰደ ነው። ለኛ ብርድ የሆነው የሶዶ ንፋስ ለሱ ሙቀት ነው፤ እኛ ደግሞ ሸፍነን ከለከልነው።

ትንሽ ቆይቶ አመዳዩ ቀለጠ፣ ስንለኩሰው እሳቱ ተመለሰ።

"እኔን የሚያንቀጠቅጠኝ ንፋስ እሷን ያሞቃታል?" አሉና ብርድ ልብሱን ራሳቸው ለብሰውት ተቀመጡ።

ምሳው ደርሷል። እኔ ግን መብላት አቅቶኝ ያ ምድጃ የት እንዳለ እየዞርኩ አያለሁ።

እናንተ ጋ ሲሊንደር ሲደክም ምን ይደረጋል? ፍም የሚል ካለ ሰፈሩን ይጻፍልኝ፣ አሁኑኑ እመጣለሁ።