በሁለት ነጥብ እየመራን ዘነበ

አሰልጣኝ የሆንኩት ረጅም ስለሆንኩ ብቻ ነው። ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ የቅርጫት ኳስ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ርእሰ መምህሩ ግን ከእግሬ እስከ ራሴ በዓይኑ ለካኝና፣ «አንቺ ካልሆንሽ ማን ሊሆን ነው?» አለኝ። የዝውውር ማመልከቻዬ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ባሌና የአምስት ዓመት ልጄ አዲስ አበባ ናቸው፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ጅማ።

«አንድ ጨዋታ አሸንፊልኝ፣ በማግስቱ እፈርማለሁ» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የሰጠኝ አሥር ሴቶች ልጆችን ነው፤ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል። አብዛኞቹ ከደዶ ገጠር መጥተው ዘመድ ቤት ሆነው የሚማሩ ናቸው። ኳስ ሲወረወርላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ ይላሉ። አንዷማ ኳሷን ካገኘች እንደ ሕፃን አቅፋ ነው የምትሮጠው። «አንጥሪያት! ኧረ አንጥሪያት!» እያልኩ ድምፄ ተዘጋ። በየቀኑ ከክፍል በኋላ እዚያ የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ ላይ ስቆም፣ በሩን ቆልፈውብኝ ቁልፉን ለእነዚህ ልጆች የሰጧቸው ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አንዳንድ ቀን እጠላቸው ነበር። ሁለት ጨዋታ ተሸነፍን። የቀረን አንድ ብቻ ሆነ።

እሱም አጋሮ ነበር፣ በኅዳር፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን። ተጋጣሚዎቻችን እንደኛው ከጅማ ለውድድሩ የመጡ የግል ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ ጫማቸው ብቻውን ያስፈራል። ያን ሰሞን ሲሚንቶ ያለበት ቦታ ሁሉ የቡና ማስጫ ስለሆነ፣ የሰፈሩ ሰው የሜዳው ዳር ላይ ቡናውን አስጥቷል።

እንዴት እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም፣ ሦስት ደቂቃ ሲቀር በሁለት ነጥብ እየመራን ነበር። እኔ በልቤ ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ። ድንገት ሰማዩ ጠቆረና ጠብ ጠብ አለ። ኳሷን የያዘችው አምበሌ ቀና ብላ አየች።

«ቦካን ዱፌ!» ብላ ጮኸች። ዝናብ መጣ ማለቷ ነው። ኳሷን ጣለቻት። አምስቱም ወደ ቡናው ሮጡ፤ ተቀያሪዎቹም ተከተሏቸው። እዚህ አገር የተሰጣ ቡና ላይ ዝናብ ከመጣ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ያየ ሁሉ ይሸፍናል።

ዳኛው ፊሽካ አልነፋም። የግሎቹ ልጆች ባዶ ሜዳ ላይ አንድ አገቡ፣ ደገሙ።

«ተመለሱ! በፈጠራችሁ ተመለሱ!» እያልኩ አበድኩ።

አምበሌ ሸራ እየጎተተች፣ «ቲቸር፣ በዚያ በኩል ይያዙልን!» አለችኝ።

ወዳሳየችኝ ዞርኩ። አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ከሸራው ጫፍ ጋር ይታገላሉ፤ አቅቷቸዋል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሄጄ ያዝኩላቸው።

«አላህ ልጅሽን ያሳድግልሽ» አሉኝ። ከኋላዬ ሦስተኛው ሲገባ ሰማሁ። ጨዋታውም በዚያው አለቀ።

በሚኒባስ ስንመለስ ልጆቹ ይዘፍናሉ። ባሌ ደወለ፤ ገና ሄሎ ሳይል ልጄ ስልኩን ቀማችው።

«እማ፣ አሸነፍሽ? ነገ ትመጫለሽ?»

«ዝናቡ ይጮኻል የኔ ቆንጆ፣ አይሰማኝም» አልኳትና ዘጋሁት።

ዝናቡ ካቆመ ቆይቶ ነበር።