ቀበሮዋ በዝናብ ውስጥ ስትጠራን

ቡራዩ ውስጥ መብራት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በቀን ስለሆነ ጨለማ አያመጣም፤ የሚያመጣው ሽታ ነው። ከቴሌቪዥናችን ሥር የተቀመጠችው ስታብላይዘር ቀጭ ብላ ስትዘጋ ሲግል የዋለ አቧራ ሽታ ትተነፍሳለች፣ ተቃጠለ ሊባል የማይችል፣ አልተቃጠለም ሊባልም የማይችል። ባለፈው ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። እኔ ልብስ አጣጥፋለሁ፤ የልጅ ልጄ ሚልኪ እንደ ልማዱ ከስክሪኑ ፊት ተገትሮ ካርቱኑን ያያል። ቀጭ አለ፣ ሽታው መጣ፣ ስክሪኑ ጠቆረ። ሚልኪ ግን አልዞረም። ጥቁሩን መስታወት እያየ፣ ካርቱኑ ከተቋረጠበት ቃል ጀምሮ፣ በዚያው በቀጭኑ ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ ቀጠለ። ጠያቂም መላሽም ራሱ ሆነ፤ ሙዚቃ የሚገባበት ላይ ዝም አለ፣ ሙዚቃው የሚያልቅበት ላይ ቀጠለ፣ የሚሳቅበት ጋ ሲደርስ ሳቀ። ስሙን ደጋግሜ ጠራሁት። አቤት የለም። ከሩብ ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመለስና ጣቢያው ሲከፈት ካርቱኑ ሳይጠብቀን ወደፊት ሄዷል፤ ልጁም አብሮት ሄዷል፤ ሁለቱ እኩል አንድ ቃል ላይ ነበሩ። በእጄ ለያዝኩት ካልሲ ጥንዱን እየፈለግኩ ብዙ ቆየሁ።

ሚልኪ አራት ዓመቱን ደፍኗል። ሐኪሞቹ ጆሮውንም አንደበቱንም አይተው ደህና ነው ብለውናል፤ እንግሊዝኛውማ ይንቆረቆራል፣ ችግሩ የሚያወራው ከማንም ጋር አለመሆኑ ነው። የኬጂዋ መምህርት በስሙ ተጠርቶ አቤት እስኪል ድረስ መቀበል ይከብደናል ብላ መልሳናለች። እናትና አባቱ በማለዳ አዲስ አበባ ለሥራ ይሄዳሉ፤ አብሬው የምውለው እኔ ነኝ፣ በቀን መቶ ጊዜ የምጠራውም እኔ። ሰው በእኔ ዕድሜ ጤናና የአገር ሰላም ይለምናል፤ እኔ የምለምነው አንድ አቤት ነው።

ቤተሰቡም ጎረቤቱም ጥፋተኛውን ካገኘ ቆይቷል፤ የዘንድሮ ካርቱን ነው። «እማዬ፣ የኛ ጊዜው እኮ ታሪክ ነበረው፣ ይሄ ጩኸትና ቀለም ብቻ ነው» ትለኛለች ልጄ። ባሏም የእሷ ጊዜ ካርቱን የእሱን ጊዜ አያህልም ባይ ነው፣ ሁለቱ የሁለት ዓመት ልዩነት ቢኖራቸው ነው። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ግን ከልቤ አይደለም። እኛ ያየነውን ካርቱን ሚልኪ ቢያየው ኖሮ ቴሌቪዥኑ ታሟል ብሎ ያዝንለት ነበር።

ያደግኩት ሰበታ ነው። በሰፈራችን የነበረው አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ሲሆን፣ ባለቤቱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩት ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ፤ ድምፃቸው ወፍራም፣ ልባቸው ገር። ቴሌቪዥኑ እግርና ቁልፍ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ይኖራል። እሑድ ቀትር ላይ የልጆች ፕሮግራም ሲደርስ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ በራቸው ላይ ይሰለፋል፣ ምክንያቱም እግሩን ያልታጠበ አይገባም፤ ኦቦ ቶሎሳ ተረከዛችንን እያገላበጡ ይመረምሩና ያለፈውን «ኮቱ፣ ሴኒ» ብለው ያስገባሉ፣ የወደቀውን ወደ ቧንቧው ይመልሳሉ። እውስጥ የልብስ ሳሙናና የእርጥብ እግር ሽታ፣ ሣጥኑ ሲሞቅ ደግሞ ያ የጋለ አቧራ። ካርቱኖቹ ከየት አገር እንደመጡ አናውቅም፤ የሚናገሩት ቋንቋ የኛም የአስተማሪዎቻችንም አልነበረም፤ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከመሆኑ በላይ ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሰውየው እግር ከላይ፣ ባርኔጣው ከታች ሆኖ ነው የምናውቀው።

እኔ ከሁሉም ልጅ የተሻለ ቦታ ነበረኝ፤ ምንጣፍ ላይ፣ ከፊት፣ ከቦንቱ ጎን። ቦንቱ የኦቦ ቶሎሳ ልጅ ናት፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ኩፍኝ ዓይኗን ወስዶባታል። ምላሴ ስለሚፈጥን የሚታየውን ሁሉ በጆሮዋ እንድነግራት እኔ ተመረጥኩ። እሷ መዳፏን መስታወቱ ላይ ትለጥፋለች፣ እኔ አወራለሁ፤ ያልገባኝን ከራሴ እሞላለሁ፣ ያልገባኝ ደግሞ ከገባኝ ይበዛ ነበር። ቦንቱ ስትስቅ ከኋላ ያሉትም ይስቃሉ፤ ቀስ በቀስ ፊልሙን ትተው እኔን ማዳመጥ እንደጀመሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አንድ እሑድ ደመናው ወርዶ ምስሉ ጭራሽ ጠፋ። ኦቦ ቶሎሳ ባሕር ዛፍ አጣና ላይ የታሰረውን አንቴና ሊያዞሩ ወጡ፤ ከውጭ «አሁንስ?» ይላሉ፣ እኛ «ወደ ወጨጫ ተራራ አዙሩት!» እያልን እንጮሃለን። ስክሪኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ይፈላል፣ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ይወጣል።

«አበሩ፣ ዝናብ ነው እንዴ?» አለችኝ ቦንቱ።

ጠፍቷል ልላት ይገባ ነበር። ግን ጠፍቷል ከተባለ ሣጥኑ ይቆለፋል፣ እኛም ወደየቤታችን ነን። «አዎ ዝናብ ነው» አልኳት፤ «አንዲት ቀበሮ ጃንጥላ ይዛ ትሄዳለች።» ከኋላዬ ያለው ጫጫታ ረገበ። ቀበሮዋን በየደጁ አዞርኳት፤ በእያንዳንዱ በር ላይ ቆማ በቤቱ ያለውን ልጅ በስሙ እንድትጠራ አደረግኩ። የኛ እናቶች በቀትር የማታውቁት ድምፅ ሲጠራችሁ ሦስት ጊዜ ሳይጠራ አቤት አትበሉ፣ ሰው ያልሆነ ነገር ሦስተኛውን አይጠራም ይሉን ነበር፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ቀበሮዬ ሁለት ጊዜ ብቻ ትጠራለች። «ደረጀ… ደረጀ…» አልኩ፣ ዝም። ደረጀ ትንፋሹን ዋጠ። እንዲህ እያልኩ ክፍሉን አዳረስኩት፣ በመጨረሻም «ቦንቱ… ቦንቱ…» ብዬ አቆምኩ። ሽሽሽታው ብቻ ቀረ።

«አቤት» አለች ቦንቱ።

«ሁለቴ ነው እኮ የጠራችሽ!» አልኳት ደንግጬ።

«ሦስተኛውን ራሷ ጠራችኝ» አለች፣ መዳፏን ከመስታወቱ ሳታነሳ፣ ፊቷ በራ። ሁላችንም ወደ ነጠብጣቡ አፈጠጥን፣ እግዜር ይመስክር፣ ሁለት ጆሮና አንድ ጃንጥላ አየን። በቀን፣ ብርሃን በሞላበት ቤት፣ ዘጠኝ ልጆች። ከዚያ ኦቦ ቶሎሳ አንቴናው ተሳክቶላቸው ዜና የሚያነብ ሰውዬ መጣ፤ እሳቸውም ገብተው በዕጣችን እያዘኑ ሣጥኑን ቆለፉ።

በሚቀጥለው ክረምት እነቦንቱ ሱሉልታ ገቡ፣ እኔም ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። ያን ሰው ያልሆነ ጠሪ አቤት ያሰኘኋት እኔ ነኝ፣ ክፉ አግኝቷት ይሆን እያልኩ ለዓመታት ራሴን ከስሻለሁ፤ የልጅ ጥፋት ነው፣ ቢሆንም አልለቀቀኝም። ኦቦ ቶሎሳ ያረፉ ጊዜ ሱሉልታ ለቅሶ ሄድኩ። ቦንቱ ባሏ ጋ፣ ሩቅ አገር፣ ደህና እንደምትኖር ነገሩኝ፣ ትልቅ ድንጋይ ከደረቴ ወረደ። ድንኳኑ ውስጥ የዚያን ቀን ልጆች ራሳቸው መልጦ፣ ጥርሳቸው ጎድሎ ተሰብስበዋል፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ የልጅ ልጆችና ቴሌቪዥን ላይ ወደቀ።

«የአሁኖቹ ምን ያያሉ» አለ ደረጀ፤ «ያቺን ቀበሮ አይተው ቢሆን! ቀዩ ጃንጥላዋ ነው እስካሁን ዓይኔ ላይ ያለው።»

ሌላው ተቀበለው። ጃንጥላው ቀይ እንደነበር፣ ከበሩ ቢጫ ብርሃን እንደወጣ፣ ቀበሮዋ ስትሄድ ዞራ እንዳየችው አስታወሰ። ቴሌቪዥኑ ቀለም አልነበረውም። ካርቱኑ አልነበረም። እኔም ስለ ቀለም አንድ ቃል አልተናገርኩም፣ ግን እነሱ ሲያወሩ ቀዩ ጃንጥላ ለእኔም ታየኝ። ውሸቴ እንደነበር ልነግራቸው ስል ትቼው የቀረበልኝን ንፍሮ ቆረጠምኩ።

ስለዚህ ካርቱን ጥራቱ ወርዷል ሲሉኝ የምመልሰው ይቸግረኛል። የሚልኪ ካርቱን ምን እንከን ይወጣለታል? ቀለሙ የጠራ፣ ድምፁ የጠራ፣ አንድም ቦታ አይንሸራተትም፣ አንድም ቃል አያጎድልም። የኛው ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ስለነበር በቀዳዳው እየገባን እርስ በርስ እንጠራራ ነበር፤ ያጣነው እሱን ይመስለኛል። ሚልኪ ምን ይጨምርበት? ሁሉም ተሞልቶ ነው የሚሰጠው፣ እሱም በቃሉ ያጠናዋል።

ትናንት እኩለ ቀን ላይ መብራቱ እንደገና ሄደ። ልጁ በጥቁሩ ስክሪን ፊት መነብነብ ሲጀምር፣ እንደምንም ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና በእሱና በመስታወቱ መካከል ገባሁ። «ዝናብ ነው፣ ሚልኪዬ» አልኩት፣ ቀበሮዋንም ጃንጥላዋንም ነገርኩት፣ በየደጁ አዞርኳት፣ የኛ በር ላይ አቆምኳት። «ሚልኪ… ሚልኪ…» አልኩና ሦስተኛውን ለእሱ ተውኩለት።

መነብነቡን አቆመ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ትኩር ብሎ አየኝ። ትንሿን እጁን አነሳ፤ አመልካች ጣቱን ጉንጬ ላይ አሳረፈና በእናቱ ስልክ ላይ እንደሚያደርገው ወደ ጎን ጠረገኝ። ጠበቀ። ፊቴ አልተቀየረለትም። ግንባሩን ቋጠር አድርጎ እንደገና ጠረገኝ፣ በትዕግሥት፣ ያለ ምንም ክፋት። እንዳያለቅስ ብዬ ጣቱ በገፋኝ በኩል ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩለት። ከጀርባዬ ያ ቀጭን ድምፅ ካርቱኑ በዚያ ሰዓት ከደረሰበት ቃል ጀመረ፣ የሚሳቅበት ጋ ሲደርስም ሳቀ፤ መብራቱ ሲመጣ እኔ ገና ወደ ግድግዳው እንደዞርኩ ነበርኩ።