ኒሟ የጠጣችው ውሃ

ልጄ «አባ፣ ራሴን አመመኝ» ባለችኝ ቁጥር ፊቴን አዞርና የምሠራው ነገር እፈልግ ነበር። የተዘጋ መስኮት እከፍታለሁ፣ የተደረደረ ጫማ እደረድራለሁ። ፊቴ ላይ ያለውን እንድታየው አልፈለግሁም። እናቷንም የጀመራት እንዲሁ ነበር፤ «ራሴን» ብላ በሻሽ አሰረችው፣ ትንሽ ተኝታ ተነሳች። ከዚያ እየደጋገመ መጣና ዓመት ሳይሞላ ቀበርናት። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። የምጽፈው አሥር ዓመት ሲሞላት ስለሆነው ነገር ነው።

የምንኖረው ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ነው፣ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን። ሥራዬ የፋብሪካ ብየዳ ነው። ብረት ከየት በኩል እንደሚሰበር ከሩቅ አውቃለሁ፤ ሹሩባ መሥራት ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። ፀጉሯን የምትሠራላት ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ሶማሌዋ ጎረቤታችን ናት። ልጄ «ኤዶ» ትላታለች፣ አክስት እንደማለት ነው። እኔም ከልጄ ተምሬ ኤዶ እላታለሁ፣ በዕድሜ ብዙም ሳትበልጠኝ።

ያን ዓመት ሕመሙ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይመላለስባት ጀመር። ከትምህርት ቤት ፊቷ ገርጥቶ ትመጣለች፣ ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ ትተኛለች። ቅዳሜና እሁድ ደህና ናት። ይህንን እያየሁ አላየሁትም። አንድ ቀን የእናቷን ሻሽ ከሣጥን አውጥቼ ላስርላት ስል እጄን ገፋችው።

«እሱን አይደለም» አለች።

«ሻሹ ምን አደረገሽ?» ብዬ ተቆጣሁ። ሻሹን አጥፌ መለስኩትና የራሴን ፎጣ አሰርኩላት።

ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ዓይኗን አየ፣ ደሟን አስመረመረ፤ ወባም ደንጊም የለባትም አለ። «የድሬ ሙቀት ነው፤ ውሃ ትጠጣለች?» ብሎ የጠየቀው እኔን እንጂ እሷን አልነበረም። ከቀፊራ ገበያ ክዳን ያለው ትልቅ ኮዳ ገዛሁላት። ጠዋት ሞልቼ እሰጣታለሁ፣ ከሰዓት ባዶውን ትመልሳለች። ሕመሙ ግን ባለበት ነው። ሁለተኛ ስንሄድ «በየቀኑ አንድ ኮዳ ትጨርሳለች» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ሐኪሙ አሰብ አደረገና ጭንቅላቷ በማሽን እንዲታይ ወረቀት ጻፈልን።

ያን ወረቀት በሥራ ልብሴ ደረት ኪስ ይዤ ሦስት ሳምንት ዞርኩ። አልወሰድኳትም። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ማሽኑ እናቷ ላይ ያገኘውን ቢያገኝባትስ? ባልደረቦቼ ሻይ ላይ «ልጅህ እንዴት ናት?» ሲሉኝ «ተመስገን» እላለሁ። በድሬ ሰው ለወሬ አይቸገርም፤ ከሰዓት በየደጁ ምንጣፍ ዘርግቶ ሲጫወት ይውላል። እኔ በመካከላቸው ሰላምታ እየሰጠሁ አልፍና ቤቴ ገብቼ እቀመጣለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ ሆዴም በእርግጥ ፈጀው። እንደዚያ ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፣ ሚስቴን የቀበርኩ ሰሞን እንኳ።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ፋብሪካው ቀደም ብሎ ለቀቀን። ልቀበላት ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ዘበኛው ሽማግሌ የማን አባት እንደሆንኩ ጠይቆ ሲያውቅ ፊቱ በራ።

«አቦ አንተ ጎበዝ ልጅ አለችህ» አለኝ። «ይቺን የኒም ዛፍ ያሳደገቻት እሷ ናት። ዝናብ በሌለበት፣ በየቀኑ በኮዳዋ ታጠጣታለች።»

አጥሩ ሥር ደረቴ የምትደርስ ኒም ቆማለች። ሥሯ ገና እርጥብ ነው።

ደሜ ፈላ። ልጄ ስትወጣ፣ የደጫቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ እስክንሻገር ድረስ ተቆጣኋት። እኔ ሐኪም ፊት ቆሜ ትጠጣለች እያልኩ እሷ ለዛፍ? ለምን? «እንዲሁ» አለች፣ ዓይኗን ከአሸዋው ሳታነሳ።

ቤት እንደደረስን ፀጉሯን ልትሠራ ኤዶ ሱቅ ገባች። ስትጨርስ ኤዶ እሷን ወደ ቤት ልካ እኔን በእጇ ጠራችኝ።

«ስማ፣ ልጅቷን አትቆጣ» አለችኝ። «እዚያ ትምህርት ቤት የሴቶቹ ሽንት ቤት በሩ ወድቋል። ወንዶቹ ልጆች መጥተው ያያሉ። ሽንቷ እንዳይመጣ ብላ ነው ውሃ የማትጠጣው። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዛ ትውላለች፣ ወላሂ።»

«ለኔ ለምን አልነገረችኝም?»

ኤዶ ሚዛኗን መጥረግ ጀመረች። «አባ ያፍራል አለች።»

እውነቷን ነው። ከዚያ በፊት ስለ ሴት ልጅ አካል አንድ ነገር ጠይቃኝ፣ ስሙ እንደተጠራ ሰው ብድግ ብዬ «ኤዶን ጠይቂ» ብያት ወጥቼ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። ቤታችን ውስጥ ደባቂው ማን እንደነበር ያን ዕለት ገባኝና በጣም አዘንኩ።

ቅዳሜ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ፣ የብየዳ ማሽን ተውሼ፣ ልጄን ይዤ ሄድኩ። የብረቱ በር ግድግዳ ተደግፎ ዝጓል፤ ማጠፊያዎቹ ተሰብረዋል። አዲስ በየድኩለት፣ ከውስጥም ወፍራም መቀርቀሪያ አደረግሁለት። ብረቱ ሲቀዘቅዝ «ግቢና ሞክሪው» አልኳት።

ገባች፣ ቀረቀረችው። ትወጣለች ብዬ ጠበቅሁ።

«አባ» አለች ከውስጥ።

«አቤት።»

«የእማዬ በሽታ አይደለም ማለት ነው?»

የያዝኩት መዶሻ ከበደኝ። ቆይቶ ሄደን በማሽኑ ታየች፣ ምንም አልተገኘባትም፤ ውሃ መጠጣት ስትጀምርም ሕመሙ እየራቃት ሄደ። ያን ሰዓት ግን ይህን አላውቅም ነበር።

«አይመስለኝም» አልኳት። «ሰኞ ሄደን አብረን እናየዋለን።»

መቀርቀሪያው ግን አልተከፈተም።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ሲያመኝ ፊትህን ታዞራለህ» አለች።

መዶሻውን መሬት አስቀመጥኩና መቀርቀሪያውን እስክትከፍት ድረስ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ቆምኩ።