«እሺ» ያላልሁበት ቀን

ትናንት ጣና ዳር የተጠበሰ ዓሣ ልገዛ ቆሜ ሳለሁ ከደቅ ደሴት በኩል አውሮፕላን ብቅ አለ። ድሮ ቢሆን መጀመሪያ ማረፊያው አናት ላይ ይደርስና ርቆ ዞሮ ይመለስ ነበር። የትናንቱ ግን ሐይቁ ላይ አንዴ ታጥፎ በቀጥታ ወረደ።

«ምን ያስቅሻል?» አለችኝ ዓሣ ሻጯ።

«ምንም» አልኋት። ማውራት አይሆንልኝም፤ መጻፍ ይሻለኛል።

የአውሮፕላኖቹ አመጣጥ የተለወጠ ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ከመራዊ የመጣሁ ልጅ ነበርሁ። የበረራ ተቆጣጣሪዎች በሚሠለጥኑበት አዳራሽ ሻይ አቀርብ፣ ወለል እወለውል ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር በመስኮቱ የእርጥብ ሣር ሽታ ይገባል። አውሮፕላኖች ማረፊያው አናት ላይ መድረስ ሳያስፈልጋቸው በሳተላይት እየተመሩ በቀጥታ የሚመጡበት አዲስ አሠራር ሊጀመር ነበርና ሁሉም እንደ አዲስ ይማራሉ። አሠልጣኟ ወይዘሮ ሰብለ ጣናን ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣሉት፤ አውሮፕላን የሚታጠፍባቸውን ነጥቦችም ስም አወጡላቸው፤ አንዱ «ደቅ ነጥብ» ነበር። ሠልጣኞቹ ተራ በተራ አውሮፕላን እየሆኑ በሥዕሉ ላይ ይራመዳሉ። አንድ ቀን ሰው ጎደለ።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ ብረሪ» አሉኝ።

ተቆጣጣሪው ጋሽ አያሌው ነበሩ፤ በድምፅ ብቻ እንዲመሩን ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን መቆጣጠሪያ ማማው ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። የማግሥቱን ፈተና ከወደቁ ግን ከማማው ወርደው ቢሮ ሊገቡ ነው።

«ማረፊያው አናት ላይ ድረሺ» አሉኝ፣ በድሮው ልማድ።

«እሺ ጋሼ» ብዬ ሄድሁ። ለካ ሌላ አውሮፕላን የሆነውን ወጣት ሠልጣኝም ወደዚያው ልከውት ኖሯል፤ ደረት ለደረት ተላተምን። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ አያሌው ብቻ አልሳቁም።

«እስከ ዛሬስ እንዴት አልተጋጫችሁም?» አሉ ወይዘሮ ሰብለ።

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «እሳቸውን ላለማሳፈር ዝም ብለን ዘወር እንል ነበር።»

ወይዘሮ ሰብለ ወደኔ ዞሩ። «ስሚ፣ እሺ መልስ አይደለም። ያሉሽን መልሰሽ ንገሪያቸው። የማይሆን ከሆነ ‹አልችልም› በይ። ደግሞ አውሮፕላን ጋሼ አይልም!»

ለትልቅ ሰው አልችልም! እኔ አባቴን እንኳ ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም። እንደገና ጀመርን። ጋሽ አያሌው አሁንም፣ «ማረፊያው አናት ላይ ድረሺ» አሉ። ወጣቱ ከወዲያ ሲመጣ አየሁት። ባለሁበት ቆምሁ።

«አልችልም።»

«ምን?»

«አልችልም። ሌላ አውሮፕላን አለ።»

ጋሽ አያሌው ግንባራቸውን ያዙ፤ አሰቡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ወደ ደቅ ነጥብ ታጠፊ» አሉ።

«ወደ ደቅ ነጥብ እታጠፋለሁ፣ ጋ...» ጋሼን ዋጥኋት።

«ጎሽ!» አሉ ሳይዞሩ። «እንዲህ አስቁሚኝ እንጂ! እናንተ ልጆች በአክብሮት ልትገድሉኝ ነበር።»

እስኪመሽ በረርሁ። በተሳሳቱ ቁጥር አልችልም አልኋቸው፤ እየቆየ ግን አልችልም የምልበት ስሕተት ጠፋ። በማግሥቱ ከፈተናው ሲወጡ ከሩቁ፣ «አውሮፕላኔ! አለፍን እኮ!» ብለው ተጣሩ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንሁ።

ዛሬም ዓይን አፋር ነኝ፤ አውሮፕላን ተሳፍሬም አላውቅም። ትናንት ግን ያ አውሮፕላን ሐይቁ ላይ ሲታጠፍ፣ ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ወደ ደቅ ነጥብ እታጠፋለሁ» አልሁ። በዚያች መታጠፊያ እኔ ከሱ ቀድሜ በሸራ ጫማዬ ሄጄባታለሁ።