ለጉብኝት የተጠመቀ ጠላ

ዳንግላ ያስተማርኩባቸውን ዓመታት ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ጭቃው ነው፤ ቀጥሎ ዲሬክተራችን። ሁለቱም ከያዙ አይለቁም ነበር።

አንድ ቀን ቢሮው ጠራኝና ተማሪዎቹ ታሪክንና ጂኦግራፊን በዓይናቸው ማየት አለባቸው አለኝ። የሁለቱም አስተማሪ እኔ ስለነበርኩ ነገሩ እንደ ወቀሳ ተሰማኝ። ታሪክ ያለው ወደ እንጅባራ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ፣ ኮረብታ ላይ በቆመው የአርበኞች መታሰቢያ ድንጋይ ነው። ጂኦግራፊ ደግሞ ከኮረብታው ሥር ጣሊያን ቆፍሮት በሄደው የማዕድን ጉድጓድ። ጠዋት ሄደን ማታ እንመለሳለን፤ መሪ ፈልጊ፣ ቀን ቁረጪ፣ አለኝ። ጣሊያን እዚያ ምን ይፈልግ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ገበሬው ወርቅ ነው ይላል። እኔ የድንጋይ ከሰል ነው ብዬ አስተምር ነበር፤ አስተማሪ ነኝና አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

መሪ ለማግኘት አልተቸገርኩም። ጉድጓዱን ከውስጥ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርተዋል ተባለ። በጣሊያን ጊዜ ተገደው ለጣሪያው ድጋፍ የሚሆን ቀርከሃ ያቀርቡ ነበር። ከጉድጓዱ አጠገብ እንዳለው መንደር ሰው ሁሉ አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ቢሆንም አማርኛቸው ከእኔ ከደብረ ማርቆሷ አማርኛ አይተናነስም። የተቸገርኩት በቀኑ ነው። በሥራ ቀን እንዳይሆን ያርሳሉ፤ በበዓል ቀን እንዳይሆን በበዓል መሬት አይነካም። መሬት መንካትና መሬት ውስጥ መግባት አንድ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። እሱን የሚያውቁት ቄሱ ናቸው አሉኝ። ቄሱም ሲያስቡበት ሰንብተው፣ ገብቶ ምንም ሳይዝ ለሚወጣ ሰው ኃጢአት የለበትም አሉ። በዚህ አቆጣጠር ምንም ሳያገኝ የሄደው ጣሊያንም ንጹሕ ነው።

ቀኑን ለመቁረጥ የሄድኩ ዕለት ሽማግሌው የጉድጓዱን አፍ ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ቁጥቋጦ ውጦታል፤ ከውስጡ ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣል። ልጆቹ ከውጭ ሆነው ወደ ውስጥ ያያሉ ብዬ ወዲያው ወሰንኩ። ሽማግሌው ግን ስለ ልጆቹ አልነበረም የሚያስቡት። ታላቅ ወንድማቸው እዚያ ይቆፍር ነበር። በክረምት አንድ ማለዳ ድጋፉ እንደላላና እንዳልላላ ሊያይ ብቻውን ገባ፤ እሳቸው ቀርከሃ ተሸክመው ሲደርሱ ጣሪያው ወረደበት። ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጣሊያኑ በሌላ በኩል አስቆፈረና ሥራው ቀጠለ።

ጣሊያን ሲወጣ መንደሩ የጎደለበትን ቆጠረ። ሬሳ ስላልተገኘ ሰውዬው ከጣሊያን ጋር ሄደ ተባለ።

“ባንዳ ነው፣ አገር ጥሎ ሸሸ ይላሉ” አሉኝ። “ተዝካሩን ላውጣ ስል፣ ላልሞተ ሰው ተዝካር የለም ይሉኛል። ይኸውልሽ ልጄ፣ ወንድሜን አልቅሼ አልቀበርሁትም።”

አንጀቴን በሉኝ። ግን የመጣሁት ቀን ልቆርጥ ነበርና ቀን ቆርጬ ተመለስኩ።

ጉዞው ሲቃረብ፣ ከገበያ በሚመለስ ሰው መልእክት ላክሁባቸው። ልጆቹ መታሰቢያውን ሊያዩ ስለሚመጡ ይህን ሁሉ ሰው ሲያይ አገሬው እንዳይደነግጥ በአዊኛ ያስታውቁልን አልኩ። ከዚያ መንገዱን ለማየት ብቅ ብል ግቢያቸው በጋን ተሞልቷል። ሴቶች ጠላ ይጠምቃሉ፤ አንድ ወይፈን ግንድ ላይ ታስሯል። ምንድን ነው ብል “እናንተ ለመታሰቢያ ትመጡ የለ?” አሉኝ። ቄሶቹ ተጠርተዋል፣ አገሩ ተጠርቷል፣ የወንድማቸው ተዝካር ነው። የላክሁት ቃል በመንገድ ላይ ሌላ ሆኖ እንደደረሰ ገባኝ። ድንጋዩን ማለቴ ነበር ለማለት አፌን ከፈትኩና ጠላ ቅመሺልን ሲሉኝ ጠጣሁበት።

ዲሬክተሩ ሲሰማ ተቆጣ። መታሰቢያን ከተዝካር የማይለይ አገር እንዴት ይጎበኛል አለ። ተዝካር ማለት እኮ በግዕዝ መታሰቢያ ማለት ነው አልኩት፤ የቄስ ልጅ ስለሆነ ሊክደኝ አልቻለም። ብንቀር ሽማግሌው ባንዳውን ወንድማቸውን መንግሥት ያከብርልኛል ብለው አገር ጠርተው ተዋረዱ ይባላል፣ ከዚያ በኋላ ቀና ብለው አይሄዱም አልኩ። ጥቂት አሰበና የጾም ነው የፍስክ ብሎ ጠየቀኝ። ወይፈን አይቻለሁ አልኩት። መርሐ ግብሩን አሻሻለ።

በቀኑ ድንጋዩ ዘንድ ብዙ አልቆየንም። ጽሑፉን ዝናብ በልቶታል፤ ፍየል እየታከከችበት የቀረውንም አደብዝዛዋለች። ወደ ጉድጓዱ ስንወርድ መንደሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይጠብቀናል። ዲሬክተሩ ያዘጋጀው ንግግር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ስለ ድንጋይ ከሰል ነው። ሽማግሌው አጠገቡ ቆመው ወደ አዊኛ ይመልሳሉ።

ከሰል ለባቡርና ለፋብሪካ ጠቃሚ ነው አለ ዲሬክተሩ። ሽማግሌው ረዘም አድርገው ተረጎሙ። አንዲት አሮጊት ደረታቸውን መቱ። ከሰል የሚገኘው ከጥንት ዛፎች ነው አለ። እሳቸው ከዚያም አስረዝመው ተረጎሙ፤ ሽማግሌዎች ብድግ ብለው ወደ ጉድጓዱ እጅ ነሡ። ሴቶቹ አለቀሱ። ዲሬክተሩ ስለ ከሰል ሲናገር ሰው አልቅሶለት ስለማያውቅ ድምፁ ከፍ አለ፤ የተዘጋጀበት ሲያልቅበት ስለ ጨውም ጨመረ። ቄሶቹ ጸሎታቸውን አደረሱ።

ሰው ወደ ዳሱ ሲያመራ ሽማግሌውን ወደ ዳር ሳብ አድርጌ ምን ብለው እንደተረጎሙ ጠየቅኋቸው።

“መንግሥት፣ ወንድምህ አልሸሸም፤ እዚህ ሞቶ እዚሁ ነው ያለው ይላል አልኋቸው።”

“እሱ እንዲያ አላለም፣ አባቴ።”

“አላለም። አንቺም መታሰቢያ ብለሽ ስትልኪብኝ ድንጋዩን ነበር ያልሽው። ያን ጊዜም ገብቶኛል። ለሰው ያስታወቅሁት እኔ ነኝ።” ወደ ጉድጓዱ አዩ። “ዋሸሁ?”

በዚህ መሀል ሌላ ሽማግሌ መጡ። ሸሸ ሲሉ ከኖሩት ዋነኛው እኚህ እንደሆኑ ኋላ ነው የሰማሁት። የመሪያችንን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እኔም እንድሰማው ነው መሰለኝ በአማርኛ “እግዜር ያጥናህ” አሏቸው። ከኋላቸው ሌላ ሰው ቆሟል፤ ከሱም ኋላ ሌላ። ልጆቼ ጉብኝት መስሏቸው ተሰለፉ። እኔም ተሰለፍኩ፤ ተራዬ ሲደርስ እጃቸውን ይዤ “እግዜር ያጥናዎት” አልኋቸው።