አልገፋ ያለው ሆዴ
ከዱብቲ የወጣሁት ማምሻውን፣ ጥጥ በጫነ መኪና ጋቢና ተቀምጬ ነው። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። እናቴ ወገቤን በሻሿ አስራ፣ "ደጋው ብርድ ነው፤ ልጁን እንዳያገኘው" አለችኝ። እኛ የአፋር በረሃ ልጆች ብርድን የምናውቀው በወሬ ነው። አዲስ አበባ ስደርስ ግን እኔን ከብርዱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ትንፋሼ ነው፤ አንድ ደረጃ ወጥቼ ሳልጨርስ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ!

ባለቤቴ ሰይድ መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ጫማ ይሸጣል። የተከራየልን ክፍል ከሸማ ተራ ጀርባ ነው። አከራያችን እትዬ ዘነቡ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣

"ልጅ አላችሁ?" አሉኝ።

"የለንም።"

"ጎሽ። ልጅ ላለው አላከራይም። ውሃ ይጨርሳል፣ ያለቅሳል፣ ግድግዳ ይሞነጫጭራል።"

መርካቶ ክፍል የፈለገ ሰው ለምን ዝም እንዳልኩ ያውቃል። ጋቢ ደርቤ ሆዴን ደበቅሁት። የሚያስፈራው ግን ለመደበቅ አለመቸገሬ ነበር። ወሩ ይሄዳል፣ ሆዴ ባለበት ነው።

ሰባተኛው ወር ሲገባ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ሆዴን በሜትር ለካች፤ ደግማ ለካች።

"ከየት ነው የመጣሽው?"

"ከዱብቲ።"

"ከቆላ መጥተው እዚህ የሚወልዱ አንዳንዶች ልጃቸው ያንሳል። ከፍታው ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ለልጁ የሚደርሰውም ይቀንሳል። እሱ ብቻ ነው ብዬ ግን አልደመድምም። ግፊትሽን በየሳምንቱ እንይ። ውሃ አትሸከሚ። መራገጡን ከቀነሰ ሳትውይ ነይ።"

በግቢያችን ውሃ የሚቀዳው ተከራይ ነው፣ በተራ። ስለዚህ ቤቱ ቢቀርም ይቅርብኝ፣ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

"እትዬ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ። ሰባተኛ ወሬ ነው።"

ጋቢዬን ገለጥ አድርገው አዩና ሳቁ። "በዚህ ሆድ? ስድስት ወልጃለሁ እኮ! ውሃ መቅዳት ከሰለቸሽ ሰለቸኝ በይ።"

ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር። ባልዲውን እዚያው ትቼ እያለቀስኩ ስልክ ቤት ሄድኩና እናቴን በጎረቤት ስልክ አስጠራኋት።

"ሆድሽ ገፋ? እዚህ ብትሆኚ በዓሣው፣ በፍየል ወተቱ አፋፋሽ ነበር!"

"እማ፣ ልምጣ?"

"ያ ረቢ! በዚያ መንገድ፣ በሰባት ወርሽ? ይራገጣል ግን?"

ዛሬ ተራግጦ እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ። እጄን ጋቢው ውስጥ ከትቼ ሆዴን ያዝኩ።

"እህት፣ ቶሎ በይ እንጂ!" አለ ከኋላዬ የተሰለፈው።

"እማ፣ እንዳትዘጊው። አንዴ ቆዪኝ።"

እሷ ስልኩን ይዛ ጠበቀችኝ፤ እኔም ልጄ እስኪራገጥ ጠበቅሁ።